የመምህር ዋለ ቀኝ እጅ

ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ ይባላል፦ መምህር ዋለ ቀኝ እጁን በአንድ ተማሪ ራስ ላይ ለአምስት ደቂቃ ከጫነ፣ ሒሳብ ይገባል። ገብቶም አይወጣም፤ ተደላድሎ ይቀመጣል። ቀኙ ለሒሳብ ነው፤ ግራው ለፊዚክስ። ለኬሚስትሪ ሁለቱም እጆች ያስፈልጋሉ። ባዮሎጂ በሽምደዳ ስለሚሆን እጅ አይባክንበትም።

ወሬው ከመናኸሪያ ተነሥቶ ሞርሲቶ ሲደርስ አምስቱ ደቂቃ ወደ ሁለት ወርዷል። ዱራሜ ሲደርስ ደግሞ መምህሩ በአካል መገኘቱም ቀረና ነገሩ በስልክ ሆነ፤ ተማሪው ስልኩን ግንባሩ ላይ ይለጥፋል፣ መምህሩ ከወዲያ ይተነፍሳል፣ ሎጋሪዝም ይገባል። ዞሮ ሆሳዕና ሲመለስማ የወለደው ሰው እንኳን አያውቀውም ነበር። መምህር ዋለ ሰላም ብሎ የጨበጠው አንድ ባለ ባጃጅ ከዚያን ቀን ወዲህ ለተሳፋሪ ዝርዝር ሲመልስ ተሳስቶ አያውቅም ተባለ። ያውም ድሮ ሁሌ በተሳፋሪው ላይ ይሳሳት የነበረ ሰው!

ይህን ወሬ ያላመነች ሰው በከተማው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ወይዘሮ አሰገደች። እኛ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን አገር ከምናስተዳድርበት ካፌ ፊት ለፊት የኮፒ ቤት አላት። አባቷ ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩና፣ ማኅተም የሌለበትን ነገር አለማመን ከሳቸው የወረሰችው ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? አሰገደች ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የኮፒ ማሽኗንም ጨመረችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሁሉ ወሬ የተነሣባት ልጅ ጵርስቅላ ትባላለች። ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ መምህር ዋለ በእጁ ጽፎ የሚሰጣትን ወርክሺት ይዛ አሰገደች ዘንድ ትመጣ ነበር። ያልተሠራበትን ባዶ ወረቀት አራት አራት ጊዜ ኮፒ ታስደርጋለች። አንድ ቀን አሰገደች አላስቻላትም።

«የኔ ልጅ፣ አራት ሆናችሁ ነው የምታጠኑት?»

«አይ እትዬ፣ ብቻዬን ነኝ። አንዱን ሠርቼ እደብቀዋለሁ። በማግስቱ ሌላውን እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።»

«አራት ጊዜ?»

«አምስተኛው ላይ ያስጠላላ እትዬ።»

እንግዲህ ይህን በጆሮዋ የሰማች ሴት፣ የማሽኑም ቆጣሪ ምስክር የሆነላት፣ «እጅ ነው፣ እጅ ነው» ቢሏት እንዴት ብላ ትመን? «እጅስ እጅ ነው፤ የልጅቷ እጅ ነዋ!» ትል ነበር፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ጠፍ ጠፍ አድርጋ እያስተካከለች።

ወሬውን ለመመዘን ግን ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ምድር አንድ ሰፈር ከተማ ለመባል ሦስት ነገሮች ይበቁታል፤ የመብራት ምሰሶ፣ የባጃጅ ተራና የቤት ለቤት አስጠኚ። መብራቱ ይጠፋል፣ ባጃጁ ቤንዚን አጥቶ ይቆማል፣ አስጠኚው ግን ይመጣል። ዝናብ አያስቀረውም፤ ለቅሶ አያስቀረውም። ሠርግ ቤት ብትደብቀው እንኳን ሙሽራውን የትኛው ክፍል ላይ ሒሳብ እንዳቆመ ሲጠይቀው ታገኘዋለህ።

የኛው አስጠኚ የዱራሜ ልጅ ነው፤ እዚህ ከመጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ። በካፌያችን ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር ሊቀ መሠረት ዋለ ይባላሉ። ቁመታቸው በብብታቸው ከሚሸከሙት ጥቁር ሰሌዳ እምብዛም አይበልጥም። ነፋስ በበረታ ቀን ሰሌዳው ሸራ ሆኖ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሳይራመዱ እንደሚያደርሳቸው ያየን አለን። የኮታቸው ቀኝ ኪስ ጠመኔ ነው፤ ግራው ኪስ የተሰበረ ጠመኔ ነው።

ማዕረጉን ያገኙት በንግግራቸው ነው። የትኛውም ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ፣ መምህር ዋለ ልጁን አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ እንደ ሐኪም አንገቱን ነቅንቆ እንዲህ ይላል፤ «ልጅዎ ጭንቅላት አለው። መሠረት ነው የጎደለው።» በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ጭንቅላት የሌለው ልጅ አንድም አላጋጠመውም። አንድ ጊዜ ጣቶቹን ቆጥሮ አሥራ አንድ ያገኘ ልጅ ቀርቦለት ነበር። አባትየው በኀፍረት መሬት መሬት ሲያዩ፣ ዋለ፣ «ጭንቅላት አለው፤ እንዲያውም ትርፍ አይቷል» ብሎ ተቀበለው።

መሠረት ሲል ደግሞ የምሩን ነው። ካልኩለስ ሊማር የመጣ ጎረምሳ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ክፍልፋይ ላይ ያገኘዋል። በሁለተኛው ቀን ማባዛት ላይ፤ በሦስተኛው ቀን የታናሽ እኅቱን ደብተር ተውሶ ይመጣል። እየቆፈረ እየቆፈረ ወርዶ አለቱን ሲያገኝ ነው ወደ ላይ የሚመለሰው። በየመሐሉ «ገባህ?» ይላል። ልጁ አፉን ሳይከፍት ራሱ ይመልሳል፤ «አልገባህም። አውቃለሁ። እንደገና።» ከዚያም በየገጹ ጣቱን እየተከለ፤ «ይሄ ይመጣል!» ይላል። ለዋለ የማይመጣ ነገር የለም። የመጽሐፉ ማውጫም ይመጣል።

ፊዚክስ ሲያስተምር ከሌሞ ገብስ ጭኖ የሚመጣውን ጋሪ ከመንገድ ላይ ይጠራዋል። «ፈረሱ ድንገት ቆመ። ገብሱስ? ገብሱ አልሰማም! ማንም አልነገረውም! ስለዚህ ወደፊት ይሄዳል፣ ባለ ጋሪው ላይም ያርፋል። ኢነርሺያ ማለት ይሄው ነው፤ የገብስ አለመስማት።» ግፊትን ሲያስተምር ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከላይ የሚጫንበትን ድንጋይ ያነሣል። ድንጋዩን ባነሣ ቁጥር ምራቁን ይውጣል፤ ተማሪዎቹም እንዲሁ። በዚህ የተነሣ የግፊት ምዕራፍ ምሳ ሰዓት ላይ ሲሆን ተማሪ ይጎድላል።

አሰገደች ይህን ሰው ቀድሞ እንደማንኛውም ደንበኛ ነበር የምታየው። ልጇ ዘርአብሩክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ ግን ለሱም ቀጠረችው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ዋለ ጥናቱን ጨርሶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ከተማው ሁሉ በየበረንዳው ተጠለለ። በዚያ ዝናብ መሐል ሰሌዳውን እንደ ጃንጥላ ራሱ ላይ ደፍቶ አንድ ሰው ሲሮጥ መጣ። ጠመኔው በሰሌዳው ላይ ቀልጦ ፊቱ ነጭ በነጭ ሆኗል። የኮፒ ቤቱን በር ይዞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እንዲህ አለ፤

«እትዬ አሰገደች፣ ለዘርአብሩክ ይንገሩልኝ። ጥያቄ ሰባትን ተሳስቼ ነው ያሠራሁት። ከቅንፉ በፊት ያለውን ኔጌቲቭ ረስቼዋለሁ።»

«ታዲያ ነገ አይነግሩትም መምህር? በዚህ ዝናብ?»

«ልጁ ዛሬ ተሳስቶ እንዲያድር?»

ብሎ ተመልሶ ወደ በረዶው ገባ። አሰገደች ያን ማታ ለልጇ ቅንፉንም ኔጌቲቩንም ነገረችው። ምን እንደሆኑ ባታውቅም እንደ አደራ ዕቃ አስረከበችው።

ወሬው የተወለደው ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ያለፈው ዓመት ተፈታኞች ውጤት የመጣ ጊዜ ነው። ከጵርስቅላ ክፍል ያለፉት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እሷ ናት። እናቷ እህት ሶስና በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ የሴቶችን ጸሎት የምትመራ ሴት ናት። በጸሎት ርዝመት ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የሚስተካከላት የለም። እሷ «እንጸልይ» ብላ ስትጀምር ገበያ የሄደ ሰው፣ በጉን ተከራክሮ ገዝቶ፣ አርዶ፣ ተመልሶ «አሜን» ላይ ይደርሳል። እሑድ ዕለት በጉባኤው መሐል «ምስክርነት አለኝ!» ብላ ተነሣች።

«ወገኖቼ፣ ወንድም ዋለ ልጄን ሊያስጠና ሲመጣ፣ ሁልጊዜ ጥናቱ ሳይጀመር እኔ እጸልያለሁ። በየምዕራፉ ነው የምጸልየው፤ አንዱንም አልዘልም። አንድ ቀን ትሪጎኖሜትሪ ላይ ስደርስ ዐይኔን ገለጥ ባደርግ፣ ምን ልይ! ወንድም ዋለ ቀኝ እጁን በልጄ ራስ ላይ ጭኖ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጸጥ! ልጄም አንገቷን ደፍታ ጸጥ! እኔም አልረበሽኳቸውም፤ ቀጠልኩ። ይኸው ከስድስት መቶ አራት መቶ ሰባ አንድ!»

«ሃሌሉያ!» አለ ጉባኤው፤ ተጨበጨበ። በዚያ ጉባኤ ሠላሳ ያህል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወላጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሰበከውን ስብከት ከነዚህ ሠላሳዎቹ አንዳቸውም አያስታውሱትም።

ዋለ እሑድ እሑድ ዱራሜ እናቱ ዘንድ ስለሚሄድ አልሰማም። የሰማው ሰኞ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ በሩን ሲከፍት፣ አሥራ አንድ ወላጅ ደጁ ላይ ተሰልፎ ሲያገኝ ነው። ከሌሞ አንድ አባወራ ልጃቸውን በጋሪ ጭነው መጥተዋል።

«ጥናቱ ይቅር መምህር። እጁን ብቻ ነው የምንፈልገው። ጋሪው ቆሞ ይጠብቃል።»

«አባቴ፣ እጄ ብቻውን ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱን ለኛ ተወው።»

«እኔኮ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ይህ እጅ ጠመኔ ከመያዝ ሌላ ሥራ አያውቅም!»

ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ። «ትሕትናውን አያችሁ?» አለች አንዲት እናት፣ እንባዋ እየመጣ። እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደሚምሉት ፈረሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ቀረብ ብሎ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋለ ኑሮ ኑሮ አልሆነም። ቢክድ ትሕትና ሆነ። ቢቆጣ ቅዱስ ቁጣ ሆነ። ዝም ቢል በመንፈስ ሆነ። ሰላም የሚለው ሰው እጁን በሁለት እጁ ይዞ አይለቅም። ባጃጅ ተራ ላይ አንዲት ሴት ቀኝ እጁን ከኪሱ መንትፋ አውጥታ በልጇ ራስ ላይ አስቀምጣ እስከ መቶ ቆጥራለች፤ ከዚያም «ጌታ ይባርክህ» ብላ መለሰችለት። በዚህ የተነሣ ቀኝ እጁን ከኪሱ ማውጣት ተወና በግራው መጻፍ ጀመረ። ያየ ሁሉ «ዛሬ ፊዚክስ ነው ማለት ነው» እያለ ልጁን ጠራ።

ይህ ሁሉ እኛን በካፌያችን አዝናንቶናል፤ አንክድም። አሰገደችን ግን አላሳቃትም። የገዛ ልጇ ነው የተበላሸባት።

ዘርአብሩክ ክፉ ልጅ አይደለም። ነገር ግን አቋራጭ መንገድ ያለ እንደሆነ በዋናው መንገድ መሄድ እንደ ንቀት የሚቆጥር ልጅ ነው። ወሬውን ከሰማ በኋላ መጽሐፉን ከደነ።

«አታነብም እንዴ ልጄ?»

«እማዬ፣ አሁን ካነበብኩ በኋላ እጁ ሲመጣ ይደራረብብኛል። ባዶውን ቢያገኘው ይሻላል።»

ባዶነቱንም በታላቅ ጥንቃቄ ይጠብቅ ጀመር። ዋለ ሲያስጠናው ወርክሺቱን ይቀበላል፤ አጣጥፎ ያስቀምጣል፤ የመምህሩን ቀኝ ኪስ ኪሱን ያያል። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ተፈታኞች በሐምሌ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሄዳሉ። እናት አትከተልም፣ ስልክ አይገባም፣ የሚገባው ጭንቅላት ብቻ ነው።

አሰገደች በዘመኗ ማትሪክ ወስዳ ሒሳብ ጥሏታል። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ልጆች ዲግሪ በማሽኗ ሆድ ሲያልፍ ቆማ አይታለች። እየሞቀ የሚወጣውን ኮፒ ለባለቤቱ ስትሰጥ፣ «የኔንም ልጅ ኦሪጅናሉን በዚህ እጄ ባስገባሁት» ትላለች በሆዷ። ሌላ ስለት የላትም።

አንድ ቀን ዋለ ወርክሺት ሊያባዛ ሲመጣ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝና ልጄን ይመልሱልኝ። ያን ቀን ጵርስቅላ ላይ ጸልየው ነበር፣ ወይስ አልጸለዩም?»

ዋለ በግራ እጁ ጆሮውን አከከ።

«እትዬ አሰገደች፣ የሰው ምስጢር ነው። ለልጅቷ ቃል ገብቻለሁ።»

ሰውየው በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ከጥያቄ ሰባት ይከፋል። አሰገደች «አልጸለይኩም» የምትለዋን አንዲት ቃል ይዛ ሄዳ በልጇ ፊት ልታውለበልባት ነበር የመጣችው። «ምስጢር» ስትሰማ የአባቷ የፍርድ ቤት ደም ተነሣባት። ምንም ከሌለ ምስጢሩ ምንድን ነው? ሰው ለምንምነት ቃል ይገባል? ያ ስድስት ወር ሙሉ ያልተነቃነቀ ጥርጣሬዋ፣ ግንብ የመሰለው፣ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁም ውስጥ የእናትነቷ ፍርሃት ዘው ብሎ ወጣ። የጵርስቅላ አራት ኮፒዎች ማንም ሳያባርራቸው ከሐሳቧ ሄዱ።

«እንግዲያው ለኔም ልጅ ያድርጉለት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እርስዎም?» አለ ዋለ።

«ማንም አያይም። ከማሽኑ ጀርባ ቦታ አለ። ጸበሉን በጠዋት አስጠምቀዋለሁ፣ እርስዎ ከሰዓት ይጫኑበት፤ አይጣሉም።»

«እትዬ አሰገደች፣ ልጅዎ ጭንቅላት አለው። መሠረት ነው...»

«መሠረቱን ይተዉኝ! እጁን!»

ዋለ አራት ወርክሺት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ፈተናው ሃያ ቀን ሲቀረው፣ እህት ሶስና በግቢዋ ለተፈታኞች የጸሎት ፕሮግራም አዘጋጀች። ወላጆቹ ዋለን «የመጨረሻ ክለሳ ነው» ብለው ጠሩት። ሰሌዳውን ይዞ ሲደርስ ሸራ ተወጥሯል፤ ሸራው ሥር አርባ ሰባት ተማሪ አለ፤ ሠላሳውን አይቷቸው አያውቅም። ወንዶቹ በሙሉ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል፤ ጸጉር ያግዳል ተብሎ። ሴቶቹ ሹሩባቸውን ፈተዋል። ከተማው ውስጥ ያን ዕለት ሥራ የበዛለት ጸጉር አስተካካይ ብቻ ነው።

እህት ሶስና ዐይኗን ጨፈነች። ዝናቡ ሸራውን ይደልቃል፤ እሷ ደግሞ ዝናቡን ትበልጣለች። «የሎጋሪዝምን ክፋት እንገሥጻለን! የቬክተርን አቅጣጫ ታቀናለህ! ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ከእግራችን በታች ታደርጋለህ!» አርባ ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ዐይኗን ገለጠች። «ወንድም ዋለ፣ እንግዲህ ጊዜው ደርሷል። እጅህን ጫን።»

ከሰልፉ ፊት የተንበረከከው ዘርአብሩክ ነው። እናቱ ከሌሊት ጀምሮ ቀስቅሳ አንደኛ አድርጋዋለች። አሰገደች ከኋላው ጃንጥላ ይዛ ቆማ የልጇን የተላጨ ራስ ታያለች። ገና ከዕንቁላል እንደወጣ ጫጩት ነው። እሷ የወለደችው፣ የሳመችው፣ እንዳይበርደው ኮፍያ የሠራችለት ራስ ነው። ውስጡ በጥንቃቄ ባዶ ተደርጎ ተቀምጧል። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሸራ ሥር፣ ወሬው እውነት እንዲሆን እንደሷ የለመነ ሰው አልነበረም።

ዋለ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ።

«ዘርአብሩክ፣ ያን ወርክሺት ሠራኸው?»

«አይ ቲቸር። ከእጁ በኋላ ብዬ ነው።»

ዋለ ቀና አለ። ሰልፉን አየ። አርባ ሰባቱን ራስ አንድ በአንድ አየ። ቢጭን በማግስቱ ከሀዋሳ ሳይቀር ሰው እንደሚመጣለት ያውቃል። ባይጭን ከነገ ወዲያ ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሰሌዳውን እንደሚያጸዳም ያውቃል። እኛ ከካፌው ተነሥተን አጥሩን ተደግፈን እያየን ነበር። ስንት ዓመት የሳቅንበት ሰውዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የአንዳችንም ፊት አልሳቀም።

«እህት ሶስና» አለ፤ «መልሱ ልክ ነው፤ ልጅዎ አልፋለች። አሠራሩ ነው የተሳሳተው።»

«ምን ማለትህ ነው ወንድሜ?»

«ትናንት ዩኒቨርሲቲ ላለችው ለጵርስቅላ ደውዬ ቃሌን እንድትፈታልኝ ለምኛታለሁ። ንገራቸው ብላኛለች። ያን ቀን አልጸለይኩም። እጄንም አልጫንኩም። ልጅዎ ተኝታ ነበር።»



«ተኝታ? እኔ እየጸለይኩ?»

«ሰንፋ አይደለም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ያንኑ ወርክሺት ለሦስተኛ ጊዜ ስትሠራ ቆይታ ነው ለጥናቱ የተቀመጠችው። እርስዎ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሳሉ እሷ ሄደች። ግንባሯ ጠረጴዛውን ሊመታ ሲል ያዝኩት። ብለቃት ትመታለች፤ ብቀሰቅሳት እርስዎ ያዩዋታል። ስለዚህ እንደያዝኩ ቆየሁ።»

«ዐይንህስ?» አለች እህት ሶስና፣ የቀራት ምሽግ እሱ ብቻ ነበርና፤ «ዐይንህን ጨፍነህ ነበር! በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«እኔንም እንቅልፍ ይዞኝ ነው እህቴ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆይተዋል።»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ የተላጨ ራስ ቀና አለ፤ ሌላም ተከተለ። ዘርአብሩክ ተንበርክኮ እንዳለ ወደ እናቱ ዞረ። አሰገደች ግን ልጇን አላየችውም፤ የምታየው የመምህሩን ቀኝ እጅ ነበር። በከተማው ሁሉ ወሬውን ያላመነችው ያቺ ሴት ጃንጥላዋን ጥላ ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«መምህር» አለች፤ «በዚያ ሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ... ምንም? ትንሽም ከእጅዎ አላለፈም?»

ዋለ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ሁሉም እንዲያየው ዘረጋው።

«ምን ይለፍ እትዬ አሰገደች? ክንዴ ደንዝዞ፣ እንኳን ሒሳብ ሊያልፍበት ደምም አልደረሰውም ነበር።»